በሥራ ላይ ለተጎዳ መርከበኛ የካሳ መንገዶች ንጽጽር፦ ጎንደር ተቀምጦ የትኛውን መያዝ ያዋጣል?

መርከብ ላይ ተጎድቶ በአዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ በኩል ቤቱ የገባ መርከበኛ ሳምንት ሳይሞላው አራት ዓይነት ምክር ይሰማል። አንዱ «ያስቀጠረህ ኤጀንሲ የሰጠህን ፈርመህ ተቀበል» ይለዋል። ሌላው «ጠበቃ ያዝ»፣ ሌላው «ለሠራተኛ ማኅበሩ ጻፍ»፣ ዘመድ ደግሞ «እዚሁ ፍርድ ቤት ክሰሳቸው» ይላል። አራቱም ለሆነ ሰው ልክ ናቸው። የቱ ለማን እንደሚሆን የሚለየው መርከቧ የምታውለበልበው ባንዲራ (የተመዘገበችበት አገር) እና መርከበኛው የፈረመው ውል ነው፤ የቁስሉ ክብደት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ጉዳይዎ ከየትኛው ወገን ነው?

ከጎንደርና ከዙሪያዋ ለሚነሳ ሠራተኛ አራት ሁኔታዎች አሉ። የመጀመሪያው የሠራተኛ ማኅበር ከኩባንያው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት ባላት የውጭ መርከብ ላይ መቀጠር ነው። ሁለተኛው የኅብረት ስምምነት በሌላት የውጭ መርከብ ላይ፣ ሦስተኛው በኢትዮጵያ ባንዲራ በምትሄድ መርከብ ላይ፣ አራተኛው ከጎርጎራ ተነስቶ በጣና ላይ በጀልባ መሥራት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው የማሪታይም ማሠልጠኛ ወጥተው ውጭ የተቀጠሩ የማሽን ክፍል መኮንኖችና የኤሌክትሪክ ባለሙያዎች ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በአንዱ ይገኛሉ።

የቱ ውስጥ እንዳሉ ለማወቅ ውሉን አውጥተው «ሲ ቢ ኤ» የሚል ቃል (የኅብረት ስምምነት የእንግሊዝኛ ምሕጻር) ወይም የማኅበር ስም ይፈልጉ። ቀጥሎ የመርከቧን ባለ 7 አሃዝ መለያ፣ አይ ኤም ኦ ቁጥር የሚባለውን፣ ይያዙ። ስሟም ባንዲራዋም ሊቀየር ይችላል፤ ቁጥሩ ግን እስክትፈራርስ ድረስ አይለቃትም። በዚህ ቁጥር ኢኳሲስ የሚባለው ነፃ የመረጃ ቋት ላይ ተመዝግበው ቢገቡ የባለቤቷንና የአስተዳዳሪ ኩባንያዋን ስም፣ ብዙ ጊዜም የመድን ሰጪዋን ያገኛሉ። የኅብረት ስምምነት እንዳላት ደግሞ በዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን፣ በተለምዶ አይ ቲ ኤፍ በሚባለው፣ ድረ ገጽ ይታያል። መታየት ያለበት ጉዳቱ በደረሰበት ቀን የነበረው ሁኔታ ነው። መርከብ ይሸጣል፣ ስምምነትም ጊዜው ያልፋል፤ ስለዚህ ገጹን በዚያው ሰሞን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡ።

የኅብረት ስምምነት ያለበት መርከብ

ከአራቱ ጠንካራው ይህ ነው፤ የካሳው መጠን በዶላር፣ በማዕረግና በመቶኛ ተዘርዝሮ አስቀድሞ የተጻፈ ስለሆነ። ክርክሩ «ይከፈለኝ ወይስ አይከፈለኝ» ከሚለው ይወጣና ወደ አንድ ቁጥር ይጠባል።

ለምሳሌ ያህል ስምምነቱ ለእርስዎ ማዕረግ ሙሉ ካሳ 100,000 ዶላር አስቀምጧል እንበል። የጉዳት መጠንዎ 20 በመቶ ከተባለ 20,000 ዶላር ይደርስዎታል። በተለመዱት የአይ ቲ ኤፍ ስምምነቶች 50 በመቶና ከዚያ በላይ የተባለ ሰው ሙሉውን ያገኛል። ብዙ ሰው የማያየው ቀጥሎ ያለው ዐረፍተ ነገር ነው፦ መጠኑ ከ50 በመቶ በታች ቢሆንም የኩባንያው ሐኪም «በማናቸውም የሥራ መደብ ለዘለቄታው ለባሕር ሥራ ብቁ አይደለም» ብሎ ካረጋገጠ ክፍያው አሁንም 100,000 ነው። ስለዚህ መጠንዎ 50 እንደማይደርስ ከታወቀ ከ20 ወደ 25 ለማሳደግ ከመሟገት ይልቅ የብቁነቱን ጥያቄ ማንሳት ያዋጣል። ሐኪሙ በመቶኛውን ብቻ ጽፎ እንዳያልፍ፣ ስለ ብቁነትም በተለየ መስመር መልስ እንዲሰጥ በጽሑፍ ይጠይቁ።

የሕመም ጊዜ ደመወዝን በተመለከተ እነዚህ ስምምነቶች ለሕመም እስከ 130 ቀን መሠረታዊ ደመወዝ ይሰጣሉ፤ ለአደጋ ግን እስኪድኑ ወይም ቋሚ ጉዳቱ በሐኪም እስኪወሰን ድረስ ይቀጥላል። እዚህ ላይ «መሠረታዊ» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉ። የትርፍ ሰዓትና የዓመት ፈቃድ ክፍያ ሲወጣለት በየወሩ ከለመዱት ገንዘብ ግማሽ ገደማ ብቻ ሊሆን ይችላል። ለቤተሰብ ቀድሞ መንገር የሚሻለው ይህን ነው።

የኅብረት ስምምነት የሌለበት መርከብ

እዚህ የሚይዙት የ2006ቱን (እ.ኤ.አ.) የማሪታይም ሥራ ስምምነት ነው፤ የመርከበኞችን መብት የሚደነግግ ዓለም አቀፍ ስምምነት ነው። ኢትዮጵያ በ2019 እ.ኤ.አ. አጽድቃዋለች፤ ፓናማን የመሳሰሉ ትልልቅ የባንዲራ አገሮችም ውስጡ አሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. የተደረገለት ማሻሻያ ከጥር 10 ቀን 2009 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ ስለዋለ፣ መርከቧ ለሞትና ለዘለቄታ የአካል ጉዳት የሚከፍል የመድን ምስክር ወረቀት በግልጽ ቦታ መለጠፍ አለባት። ወረቀቱ ላይ የመድን ሰጪው ስምና አድራሻ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜም ፒ ኤንድ አይ ክለብ የሚባለው የመርከብ ባለቤቶች የጋራ መድን ነው። ከመርከብ ሳይወርዱ በስልክ ፎቶ ያንሱት። ባለቤቱ ቢጠፋ ወይም ቢከስር ጥያቄውን በቀጥታ ለመድን ሰጪው ማቅረብ ይቻላል፤ ቤተሰብም በእርስዎ ስም ማቅረብ ይችላል።

ይህ መንገድ ትልቅ ጉድለት አለው። ስምምነቱ ራሱ የካሳ መጠን አልተመነም፤ «በውሉ፣ በኅብረት ስምምነቱ ወይም በአገር ሕግ የተወሰነው ይከፈል» ብሎ ያልፋል። ውልዎ ስለ ቋሚ ጉዳት ምንም ካላለ መድኑ የሚሸፍነው ነገር ይሳሳና የባንዲራዋን አገር ሕግ መፈለግ ግድ ይሆናል። የሕክምና ወጪና ደመወዝም ቢሆን የባንዲራዋ አገር ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ በ16 ሳምንት ሊገድበው ይችላል፤ 112 ቀን ማለት ነው። ለተሰበረ ክንድ ይበቃ ይሆናል። ለተቆረጠ ጅማትና ለነርቭ ግን አይበቃም፤ ቀዶ ሕክምናው ተደርጎ ፊዚዮቴራፒው ገና አጋማሽ ላይ ሳለ ክፍያው ይቆማል። በዚህ ምድብ ያለ ሰው ከ12ኛው ሳምንት በፊት የማራዘሚያ ጥያቄውን በኢሜይል መላክ አለበት።

የኢትዮጵያ ባንዲራና የጣና ጀልባ

ሁለቱ በአንድ የሚነሱት መነሻቸው አንድ ስለሆነ ነው፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011። ጀልባ ላይ የሚሠራ ሰው በዓለም አቀፉ ስምምነት አይካተትም፤ ስምምነቱ በአገር ውስጥ ውኃ ላይ ብቻ የሚሄዱትን ስለማይመለከት። በአዋጁ ጊዜያዊ ጉዳት የደረሰበት ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ለሚቀጥሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ያገኛል። ቋሚ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነ የዓመት ደመወዙ በ5 ተባዝቶ ይከፈለዋል፤ ከፊል ከሆነ እንደ መጠኑ ይሰላል።

በወር 12,000 ብር የሚያገኝ የጀልባ ሠራተኛ ዓመቱን ሙሉ ሳይሠራ ቢቆይ 36,000፣ 27,000 እና 36,000፣ በድምሩ 99,000 ብር ይደርሰዋል። ቋሚ ጉዳቱ 20 በመቶ ከተባለ ደግሞ የ720,000 ብር 20 በመቶ፣ 144,000 ብር ይጨመርለታል። ችግሩ የሚነሳው ደመወዙ በቃል ሲሆን ነው፤ ያለ ፔሮል የሚሠራ ሰው ስሌቱን የሚያቆምበት መሠረት የለውም። በባንክ የገባለት ገንዘብ ወይም ምስክር ያስፈልገዋል።

በመንግሥት የልማት ድርጅት መርከብ ላይ በቋሚነት የተቀጠረ ግን በመንግሥት ሠራተኞች ጡረታ ውስጥ ስለሆነ አንድ ጊዜ የሚከፈለው የ5 ዓመት ስሌት አይሠራለትም፤ የሚያገኘው በጡረታ ሕጉ የተወሰነውን ነው። እዚያ የጉዳቱ መጠን 10 በመቶ መድረስ አለመድረሱ ትልቅ ልዩነት ስላለው 8 ወይም 9 በመቶ የተጻፈበት ሰው ዝም ብሎ ወደ ቤቱ መሄድ የለበትም።

የውጭ መርከብ ሠራተኛ ሆነው ኤጀንሲውን በዚህ አዋጅ መክሰስ ያዋጣ ይሆን? አብዛኛውን ጊዜ አያዋጣም። አሠሪው ባሕር ማዶ ነው፣ ፍርዱን እዚያ ማስፈጸም ሌላ ክስ ነው፣ የሚገኘውም በብር ነው። ኤጀንሲውን መያዝ የሚጠቅመው መርከበኛ አስቀጣሪዎች እንዲገቡት የማሪታይም ሥራ ስምምነቱ የሚጠይቀውን መድን ለመጠየቅና ቀደም ሲል የፈረሟቸውን ወረቀቶች ቅጂ ለማስወጣት ነው።

ሦስቱ ሐኪሞች

ገንዘቡ የሚወሰነው ሐኪም ፊት ነው፤ ጊዜዎንና ጉልበትዎን የሚያፈሱትም እዚህ ላይ ይሁን። ሦስት ዓይነት ሐኪም አለ፦ የኩባንያው፣ የእርስዎ፣ እና ሁለቱ ሳይስማሙ ሲቀሩ በጋራ የሚመረጠው ሦስተኛው። በአይ ቲ ኤፍ ስምምነቶች የሦስተኛው ውሳኔ ለሁለቱም ወገን የመጨረሻ ነው። የኅብረት ስምምነት ከሌለና ውሉ ስለ ሦስተኛ ሐኪም ካልተናገረ ግን ይህን በር የሚከፍተው ድርድር ብቻ ነው።

ከኩባንያው ሐኪም መሸሽ ትልቅ ስሕተት ነው። የፊሊፒንስ መደበኛ የመርከበኛ ውል አገር ከገቡ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ለኩባንያው ሐኪም መቅረብን ያስገድዳል፤ ያልቀረበ መብቱን ሊያጣ ይችላል። የእርስዎም ውል ተመሳሳይ አንቀጽ ይዞ ሊሆን ስለሚችል ቦሌ እንደወረዱ ቀጥታ ወደ ጎንደር አይሳፈሩ። እናት በር ላይ እየጠበቀች መሆኑ ይገባናል፤ ቢሆንም ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው፣ ያውም መንገድ በሚዘጋበት ሰሞን፣ በሦስት ቀን ተመልሶ መምጣት ቀላል አይደለም። አዲስ አበባ አድረው በማግስቱ ይቅረቡ፣ የቀረቡበትን ማኅተም ያለበት ወረቀት ይያዙ። ካልተቻለ ዕለቱን በኢሜይል ምክንያቱን ይጻፉ፤ ስልክ ብቻ መደወል ማስረጃ አይሆንም።

የራስዎን ሐኪም አስተያየት ጎንደር ላይ ማግኘት ይቻላል። አጥንትና ጅማት ከሆነ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ያሉትን የአጥንት ሐኪሞች፣ በመቶኛ የሚወስን ሰነድ ከሆነ ደግሞ የመንግሥት ሆስፒታል ሜዲካል ቦርድን ነው የሚጠይቁት። ለውጭ መድን ሰጪ የሚሄድ ሪፖርት ግን ለመሥሪያ ቤት ፈቃድ ከሚጻፈው ይለያል። በዊንች (የመርከብ ገመድ መሳቢያ ማሽን) ገመድ የተቀጠቀጠ እጅ እንውሰድ። «ጠቋሚ ጣቱ በደንብ አይታጠፍም» የሚል ሪፖርት ይዘው ቢሄዱ የኩባንያው ሐኪም በአንድ መስመር ይጥለዋል። የሚያቆመው በልኬት የተጻፈ ነው፦ መካከለኛው አንጓ በጤነኛ ጣት ወደ 100 ዲግሪ ይታጠፋል፣ የተጎዳው ከ0 እስከ 40 ብቻ ይታጠፋል፤ የሁለቱም እጆች የመጨበጥ ኃይል በመሣሪያ ሦስት ሦስት ጊዜ ተለክቶ በኪሎ ተጽፏል፤ የትኛው የጣት ጫፍ እንደደነዘዘ ተለይቷል፤ ቀኝ እጁ ወይስ ግራ እጁ የሥራ እጁ እንደሆነ ሰፍሯል። ሐኪሙን «እባክዎ በዲግሪና በኪሎ ይጻፉልኝ» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ለመለካት መቸኮልም ይጎዳል። ቁስሉ ገና እየተሻሻለ ሳለ የተወሰደ መጠን በኋላ ይሻራል፤ ሕክምናው ከዚህ በላይ ለውጥ አያመጣም በሚባልበት ደረጃ ሲደርስ ነው የመጨረሻው የሚወሰደው። እስከዚያ ቤት የሚበላ ከጠፋ የማሪታይም ሥራ ስምምነቱ መፍትሔ አለው፦ የዘለቄታው ጉዳት መጠን ለመወሰን አስቸጋሪ ሲሆን ችግር እንዳይደርስ በየመሃሉ ቅድሚያ ክፍያ እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ሰው ስለማይጠይቀው ይቀርበታል።

የእኛ አቆጣጠር የሚፈጥረው ጣጣ

ጎንደር ላይ ኅዳር 13 ቀን 2017 የታየ ሰው ካርዱ ላይ 13/3/17 ተብሎ ይጻፍለታል። ይህ ወረቀት ለንደን ወይም ኦስሎ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ማርች 13 ቀን 2017 ተብሎ ይነበባል። የመርከቡ አደጋ 2024 ላይ ከሆነ ሕመሙ ከአደጋው ሰባት ዓመት ቀድሞ የነበረ፣ ሲቀጠሩም የደበቁት ይመስላል። ሲቀጠሩ ሆነ ብለው የደበቁት ሕመም ደግሞ ባለቤቱን ከኃላፊነት ነፃ ሊያደርገው ይችላል። በአንድ የቀን አጻጻፍ ጉዳዩ በሙሉ ሊበላሽ ይችላል ማለት ነው። ሐኪሙ ሁለቱንም አቆጣጠር፣ ወሩን በፊደል አድርጎ እንዲጽፍ ይጠይቁ።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ነው የተጎዳሁት» ተብሎ በቀጥታ የተተረጎመ ቃል ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ይነበባል፤ ከመርከቡ መዝገብና ከዕረፍት ሰዓት ዝርዝሩ ጋር ሲጋጭ ቃልዎ ውሸት ይመስላል። ስም ደግሞ በፓስፖርቱ፣ በመርከበኛ ደብተሩ፣ በሆስፒታል ካርዱና በባንክ ደብተሩ አንድ ዓይነት ይጻፍ፤ የአያት ስም አንዱ ላይ ኖሮ ሌላው ላይ ሲጎድል ባንኩ ክፍያውን ይመልሰዋል።

ከመርከቡ ይዘው የሚወርዱትም ወረቀት አለ፦ በካፒቴኑ የተፈረመ የአደጋ ሪፖርት ቅጂ፣ በወደቡ የታከሙበት ሰነድ፣ የሁለት ባልደረቦች አጭር የጽሑፍ ቃል ከአድራሻቸው ጋር፣ የመጨረሻው የደመወዝ ወረቀት። የመውረጃ ምክንያት የሚጻፍበትን ቦታ አይተው ይፈርሙ። «በሕክምና ምክንያት» መባል ያለበት ላይ «በራሱ ጥያቄ» ወይም «ውሉ ስላበቃ» ከተጻፈ በኋላ ማስተካከል ከባድ ነው።

አሁን ይፈረም ወይስ ይጠበቅ?

ኤጀንሲ ቶሎ የሚያቀርበው ገንዘብ ሁልጊዜ መጥፎ አይደለም። ቀረበ የተባለው በውሉ ሠንጠረዥ ላይ ካለው ጋር እኩል ከሆነና መጠኑ በመጨረሻ ምርመራ ከተወሰነ መቀበል ያዋጣል። ከሠንጠረዡ ካነሰ ግን የማሪታይም ሥራ ስምምነቱ በግልጽ ይከለክላል፦ በውል ከተወሰነው ያነሰ እንዲቀበል በመርከበኛው ላይ ጫና አይደረግም።

ልዩነቱ ያለው የሚፈረመው ወረቀት ላይ ነው። ስምምነቱ ራሱ የመቀበያ ቅጽ ናሙና አለው፤ በዚያ ናሙና ላይ መርከበኛው የውል ካሳውን ቢቀበልም በቸልተኝነት ወይም በሕግ ጥሰት ምክንያት ያለውን ሌላ የመክሰስ መብት እንደያዘ ይቆያል። ኤጀንሲዎች የሚያመጡት ግን ብዙ ጊዜ «ሙሉና የመጨረሻ፣ ከማንኛውም ጥያቄ ነፃ» የሚል ነው። ናሙናውን አውርደው «በዚህ እንፈርም» ይበሉ። ያን ሰፊ ወረቀት የሚፈርም ሰው መብቱን እየሸጠ ስለሆነ ከሠንጠረዡ በላይ የሆነ ዋጋ መጠየቅ ይገባዋል። ለሥልጠናዎ አለብዎት የተባለ ዕዳ ከካሳው ላይ ተቀንሶ ከቀረበልዎም ሒሳቡ በተለየ ወረቀት ካልታየ አይፈርሙ።

ማን ይከታተለው?

ማኅበሩ ካለ በማኅበሩ ይጀምሩ፤ አያስከፍልም፣ ሦስተኛውን ሐኪም ከኩባንያው ጋር የሚመርጠውም እሱ ነው። ድክመቱ ከውሉ ሠንጠረዥ አልፎ በቸልተኝነት ክስ ውስጥ አለመግባቱ ነው። በዚያ ጊዜ የባሕር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ያስፈልጋል፤ በመቶኛ የሚሠራ ከሆነ ድርሻው በጽሑፍ ከቀረበልዎ በላይ ባስገኘው ገንዘብ ላይ ብቻ እንዲታሰብ ይዋዋሉ። ኩባንያው 20,000 ዶላር አቅርቦ ሳለ ከዚያው ላይ 30 በመቶ የሚወስድ ጠበቃ ምንም ሳይጨምር 6,000 ዶላር ወሰደ ማለት ነው። ለጣና ጀልባ ሠራተኛ ይህ ሁሉ አያሻውም፤ በሕግ ትምህርት ቤቶች በኩል የሚሰጥ ነፃ የሕግ ድጋፍ ብዙ ጊዜ ይበቃዋል። ለውጭ አገር ጠበቃ የሚሰጥ ውክልና ተተርጉሞ በፌዴራል የሰነዶች ማረጋገጫ፣ ቀጥሎም በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ስለሚያልፍ አዲስ አበባ ላይ ሕክምናዎን ያልጨረሱ ከሆነ ውክልናውን በዚያው ያስጨርሱት።

ጊዜ ገደቡን አይዘንጉ። በእኛ አዋጅ አብዛኛው የሥራ ክርክር ጥያቄ በ1 ዓመት ይታገዳል፤ በእንግሊዝ ሕግ የአካል ጉዳት ክስ 3 ዓመት አለው። ደብዳቤ መጻጻፍ በራሱ ቀኑን አያስቆመውም። «እያየነው ነው» በሚል መልስ አሥራ አንድ ወር ያለፈው ሰው ጉዳዩ ወዲያው ወደሚመለከተው አካል መግባት አለበት።

ገንዘቡ እርስዎ በሚፈርሙት የካሳ ስምምነት ላይ በዶላር የተጻፈ ይሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገ ወዲህ በብር የተቆረጠ ካሳ በድርድሩ ወራት ብቻ ዋጋው ሊወርድ እንደሚችል ታይቷል። ከመፈረምዎ በፊት ጎንደር ያለው ባንክዎ የውጭ ምንዛሪ ሒሳብ ሊከፍትልዎ ይችል እንደሆነ ይጠይቁ፤ የተፈረመውን ስምምነት ቅጂ ለባንኩ አስቀድመው ይስጡ፣ ላኪውም የክፍያው ምክንያት ላይ «የጉዳት ካሳ» ብሎ እንዲጽፍ ያድርጉ።